ሁለት ቀኝ በሬ

አያ በላቸው በረት ገብቶ የዳልቻን ሻኛ በእጁ ጨበጥ ሲያደርገው እናኑ ከደጃፍ ቆማ አየችው። የእርሻ በሬ የሚመርጥ ሰው የሚያየው ሰኮናና ትከሻ ነው። ሻኛ የሚጨብጥ ግን ሥጋ ይገምታል፤ ይህን በትክል ድንጋይ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በላቸውም እንደታየ ሲገባው እጁን ከበሬው ላይ አንስቶ በጋቢው ጠረገ።

«ሸጋ ሰብቷል» አላት።

«ጉልበት አውጥቷል በል፣ አያ በላቸው። ዝናቡ ሲጥል ይታረስበታል።»

«በአንድ በሬ?»

«ቡሬን አቀናጅልኛ! ወይፈን ሳሉ አንድ ላይ የገራችኋቸው አንተና ፋንታሁን አይደላችሁ?»

«ቡሬማ ከአማቴ በሬ ጋር ተቀናጅቷል። ቃሌን አላጥፍም።»

በላቸው የሟቹ ባሏ የፋንታሁን ታላቅ ወንድም ነው። በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ንዳድ፣ የወባው ትኩሳት፣ ከደምቢያ ሜዳ ተነሥቶ፣ ወትሮ የማይደፍረውን ተዳፋት ሁሉ እየወጣ መጣ። ጤፉ ደርሶ የሚያጭደው ጠፋ። አጫጁ ከነማጭዱ እየተንቀጠቀጠ ተኛ፤ እህሉ እዚያው እርሻው ላይ ረገፈ። የፋንታሁን ቤት ጥማድ በሬ ነበረው። ግራው በሬ ባለቤቱ ታሞ በተኛበት ሰሞን ለእህልና ለመድኃኒት ተሸጠ፤ ቀኙ ዳልቻ ቀረ። በላቸውም ከጥማዱ ግራውን ቡሬን ብቻ ይዞ ከበሽታው ተነሣ። ፋንታሁን ግን አልተነሣም። የቀበሩት ሰዎች ራሳቸው ትኩሳት ነበረባቸው፤ ጉድጓዱን አጥልቀው ሳይቆፍሩ፣ ፍትሐቱም በወጉ ሳይደርስ ተመለሱ። በላቸው በዚያን ቀን ሦስት ጋቢ ደርቦ ከመደብ ላይ ይንዘፈዘፍ ስለነበር በወንድሙ ላይ አንዲት ጭብጥ አፈር አልጣለም።

አሁን ፋሲካ አልፎ ግንቦት ገብቷል። የመንፈቁ ተዝካር ደርሷል።

«ለሚመጣው ሳምንት እሑድ ነው» አለ በላቸው። «አዘዞ ላሉት ዘመዶች ልኬባቸዋለሁ። በሬ ይታረዳል ብያለሁ።»

«ሳትነግረኝ?»

«ምን እነግርሻለሁ? ወንድሜ ነው። እንደ ባዕድ ተቀበረ፤ እንደ ባዕድ ይረሳ?»

«ባሌም ነው።»

«እንግዲያ ምነው ትከራከሪኛለሽ?»

እናኑ መልስ ነበራት፤ ግን ለበላቸው የሚነገር አልነበረም። መልሱ አራዳ ላይ ያየችው ሰው ነበር።

በመጋቢት ጌሾ ልትሸጥ ጎንደር ሄዳ ነበር። ከአራዳ ገበያ ጀርባ፣ ከአንድ ትልቅ ሰው አጥር ሥር፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ግንድ ይፈልጣል። ስትጠጋ ጎረቤታቸው ቢያዝን ሆኖ አገኘችው። ያ ቢያዝን፣ ጥማዱ ሲያልፍ ሰው ቆሞ የሚያየው።

«አያ ቢያዝን! ምነው እዚህ?»

«የከተማ ሰው ሆኜልሽ!» ብሎ ሳቀ፤ መጥረቢያውን ግን አላስቀመጠም።

«በሬዎችህስ?»

«አንዱን ለአባቴ ተዝካር፣ አንዱን ለምሽቴ አረድኩት። ሰው ጠግቦ ሄደ። መርቆኝም ሄደ።»

«መሬቱስ?»

«መሬቱማ አለ። ሣር አብቅሏል። ሸጋ ሣር!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናኑ አንድ ነገር ቆርጣለች፤ ዳልቻ አይታረድም። ዳልቻ ከታረደ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ እኩል አራሽም ዘንድሮ የለም፤ ሁሉም ወይ ሞቷል ወይ ደክሟል ወይ ጎንደር ገብቶ እንጨት ይፈልጣል። ያን ጊዜ እሷም ልጇን አምሳልን አዝላ የቢያዝንን መንገድ ትከተላለች። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ባልዋን ደግሞ ትወደው ነበር፤ ስሙ ሳይጠራ እንዲቀር አትፈልግም። እናም በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ የንስሐ አባቷን ቄስ አላምረውን ልታይ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ቄስ አላምረው የደጀ ሰላሙን አጥር ሲጠግኑ አገኘቻቸው። ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ሰውም በኅዳር አልፏል።

«አባቴ፣ ተዝካር ምን ይፈልጋል?»

«ይፈልጋል ማለት?»

«ለነፍሱ ማለቴ ነው። ለጎረቤት አላልኩም።»

ቄሱ ልጡን እንደያዙ ቀና አሉ። «ጸሎት ይፈልጋል። ለነዳያን የሚቆረስ ይፈልጋል። ስሙን የሚጠራ ይፈልጋል።»

«በሬስ?»

«በሬውን የሚፈልገው የሚበላው ነው» አሉና ጨመሩ፤ «ከሚበሉት አንዱ እኔ ነኝ። ለሰው ስታወሪ ይህን እንዳትዘልዪው።»

እናኑ ሳቋ መጣባት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አሉ። «እኔ ግን አልስቅም። በዚህ ግንቦት የተዝካር ቀን ያልቆረጠ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ካረደ በሰኔ ማረሻውን የምንጎትተው እኛ ካህናቱ ነን።»

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ከየት እንደመጣ እሷም አታውቀውም፤ ምናልባት ቄሱ ማረሻ ሲጎትቱ ታይተዋት ይሆናል።

«አባቴ፣ ለነዳይ የሚቆረሰው የግድ ሥጋ ነው? የበሬው ሥጋ ከሚቆረስ ቀኑ ቢቆረስስ?»

«እንዴት አድርጎ?»

«ጎረቤታችን አያ ዳኛው ይኸው ሁለቱም በሬዎቹ ሞቱበት። ዳልቻ ለዳኛው አንድ ቀን ይረስለት። ቀኑ የፋንታሁን ቀን ይባል። ዳኛውም እርሻው ላይ ቆሞ ነፍስ ይማር ይበል። ሌላውም እንደዚሁ፤ ሊያርደው ያሰበውን በሬ አያርድ፤ በሟቹ ስም በሬ ለሌለው ቤት ይረስበት። ጸሎቱና ጠላው ደግሞ በአንድ ቀን፣ እዚሁ ከዋርካው ሥር፣ ለሁሉም ይሁን።»

ቄስ አላምረው ልጡን አጥሩ ላይ አስረው ጨረሱ።

«ከመጽሐፍ ጋር አይጣላም» አሉ በመጨረሻ። «ከሰው ጋር ግን ይጣላል።»

«ከሰው ጋር እኔ እጣላለሁ» አለች እናኑ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ለሕዝቡ ተናገሩ። በንዳድ ያለፉት ሁሉ ለሚመጣው እሑድ በአንድነት እንዲታሰቡ፣ በሬ ያለው በሬውን ለማረሻ እንዲያቆይ፣ በሟቹ ስም አንድ ቀን እንዲያርስ። ሕዝቡ አጉረመረመ። የፋሲካ ጾም ገና መፈታቱ ነው፤ ሥጋ ሁሉም አምሮታል፤ ከካህናቱም መሐል ፊቱን ያጠቆረ አልጠፋም። በላቸው ከወንዶቹ መሐል ተነሣ።

«የወንድሜን ስም በደቦ ልትጠሩት ነው?»

«በደቦ ይሻላል፣ አያ በላቸው» አለች እናኑ ከሴቶቹ በኩል። «ብዙ አፍ ይጠራዋል።»

«ማረሻ ተዝካር አይሆንም! እኔ የአዘዞን ሰው በሬ ብዬ ጠርቻለሁ። እሑድ ቢላዬን ስዬ እመጣለሁ» ብሎ በትሩን ይዞ ወጣ።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጀምር ሰው እስኪያይ እግሩን ያያል። በስተመጨረሻ ወለተሩፋኤል ተነሡ። ባላቸውን ከፋንታሁን ቀድመው የቀበሩ፣ አንድ በሬ የቀራቸው፣ ምላሳቸው የሚፈራ ሴትዮ ናቸው።

«እኔ ጎሹን አመጣለሁ» አሉ። «ለባሌ ብዬ ባርደው ከመቃብር ተነሥቶ ይመታኛል። ከእኔ ይልቅ እሱን ነበር የሚወደው።»

ሰዉ ሳቀ። እናኑ ከሳቁ መሐል ጠጋ ብላ በጆሯቸው ጠየቀቻቸው።

«እትዬ፣ ጎሹ በየት በኩል ነው የሚጠመድ? ዳልቻ ቀኝ ነው፤ ፋንታሁን ሁልጊዜ ቀኙ እያለ ነበር የሚጠራው።»

«ጎሹማ ግራ ነው!»

«ያውቁታል?»

«ዓይን የለኝም እንዴ? ስንት ዘመን ምሳ ያመላለስኩለት! ሁልጊዜ በግራ እጄ በኩል ነበር የሚመጣ።»

እናኑ እፎይ አለች። ቀኝ የለመደ በሬ ግራ ቢጠምዱት ቀንበሩን ይሰብራል እንጂ አያርስም፤ ሌላ ጎን ለማስለመድ ደግሞ አንድ ክረምት ይፈጃል። አንድ ቀኝ፣ አንድ ግራ፣ እና የዳኛው እጅ፤ ከሦስት ያዘነ ቤት አንድ ማረሻ ወጣ። እንዲህ ብላ አሰበች፤ ደስም አላት።

ማክሰኞ በጧት ወደ ዳኛው እርሻ ወረዱ። እርሻው ወደ ትክል ድንጋይ ከሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያየዋል። ዳኛው ቀንበሩን፣ ሞፈሩን፣ ማረሻውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጎበዝ አራሽ ነበር፤ ንዳዱ ግን ገና ከጉልበቱ አልወጣም፤ ቆሞ ሲያወራ እንኳ በትር ይመረኮዛል።

ዳልቻን በቀኝ፣ ጎሹን በግራ ጠመዱ። ዳኛው እርፉን ጨብጦ ጅራፉን አነሣ።

የመጀመሪያው ትልም ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲገባው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ጎሹ ዳልቻን በትከሻው እየገፋ ወደ ቀኝ ሊዞር ይታገላል፤ ዳልቻ ቦታውን አልለቅም ብሎ ይገፋዋል። ማረሻው ከመሬት ወጥቶ ተንሳፈፈ። ዳኛው እንደገና ተከለው፤ እንደገና ወጣ። ሦስተኛው ላይ እርፉ ከእጁ አመለጠና ሰውዬው በጉልበቱ ተንበረከከ። መንገደኛው ቆመ። ልጆች መጡ። ትልሙ እንደ እባብ መንገድ ተጠማዞ ቀረ።

«ኧረ ምን እየሠራችሁ ነው?» አለ አንዱ ከመንገድ።

«ተዝካር ነው አሉ!» መለሰ ሌላው። «የፋንታሁን ተዝካር!»

«አይ ፋንታሁን! ለነፍሱ ዳንስ አወጡለት!»

ሳቁ አካባቢውን ሞላው። እናኑ ግን ከበሬዎቹ ፊት አልሸሸችም፤ የዳልቻን ቀንድ ይዛ ቆመች። ያን ጊዜ ከሰዉ ኋላ በላቸውን አየችው። ወደ አማቱ እርሻ ቀንበሩን አስቀድሞ ሊያደርስ ተሸክሞ በዚያው መንገድ ሲያልፍ ነው የደረሰው። ከዳኛው ኋላ ሄዶ ቆመ፤ አራሽ እንደሚያይ በሬዎቹን ከኋላ አያቸው። ከዚያም ከኅዳር ወዲህ ማንም ያልሰማውን ሳቅ ሳቀ።

«ሁለት ቀኝ በሬ! እግዚኦ! ሁለት ቀኝ በሬ ጠምደው!»

«ጎሹ ግራ ነው!» ብለው ጮኹ ወለተሩፋኤል።

«ማን አለሽ?»

«ዓይኔ! ምሳ ይዤ ስሄድ በግራዬ ነበር የሚመጣ።»

«ምሳ ይዘሽ ስትሄጂ ከየት በኩል ነው የምትሄጅ?»

«ከፊት ነዋ! በሬ ከኋላ ሊረግጠኝ ነው?»

«እሱ ወደ አንቺ እየመጣ፣ አንቺ ወደ እሱ እየሄድሽ፣ ግራሽ የማን ቀኝ ነው?»

ወለተሩፋኤል ሁለቱን እጆቻቸውን አንስተው አዩዋቸው፤ ከዚያ ዞረው ጎሹን አዩት፤ ከዚያ እንደገና እጆቻቸውን። «በሞትኩት!» አሉ ቀስ ብለው። እናኑም ገባት። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ በሬዎችን ያየችው ወደ እሷ ሲመጡ ነው። ዳልቻን ቀኝ ያለችው ፋንታሁን ቀኝ ስላለው ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ያለው ሰው በሳቅ ሊወድቅ ደርሷል። ዳኛው እርፉ አጠገብ ተቀምጧል። አሁን በላቸው አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ያልቃል፤ እሑድ ቢላው ይመጣል፤ ማንም በሬውን አያወጣም። እናኑ ይህን እያወቀች የበላቸውን ፊት ታያለች።

«የፋንታሁን ተዝካር አማረበት!» አለ ያው መንገደኛ እንደገና።

የበላቸው ሳቅ ተቋረጠ። ወደ ሰውዬው ዞረ።

«በማን ላይ ነው የምትስቀው?»

«በበሬው…»

«በሬው የማን ነው?»

በላቸው የተሸከመውን ቀንበር ከመሬት ላይ ጥሎ ተመለሰና በመጣበት መንገድ እየተጣደፈ ሄደ። ሁሉም ቢላውን ሊያመጣ የሄደ መሰለው። እናኑ የዳልቻን ቀንድ አልለቀቀችም።

ሲመለስ ቡሬን እየነዳ ነበር።

«ጎሹን ፍቱት» አለ፤ ማንንም አላየም። ቡሬን በግራ አስገባ፣ ማነቆውን አጠበቀ፣ ዳኛውን በክርኑ ገፋ አድርጎ እርፉን ጨበጠ። ጅራፉን ግን አላነሣም። «በል» ብቻ አለ፤ ሁለቱ በሬዎች አብረው ተነሡ። ወይፈን ሳሉ በሁለቱ ወንድማማቾች መሐል የተማሩትን እርምጃ አልረሱትም። ማረሻው ሰጥሞ ገባ። ትልሙ ከእርሻው ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ተገለበጠ። የሚስቀው ሰው ዝም አለ። አራሽ የሆነ ሁሉ ጥሩ ትልም ሲያይ ዝም ይላል።

እኩለ ቀን ሲሆን ዳኛው በትሩን ተመርኩዞ እርሻው መሐል ቆመ። የተስማሙበትን አልረሳም። ኮፍያውን አወለቀ።

«ይህ ቀን የፋንታሁን ቀን ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በሬ አልነበረኝም፤ ታረሰልኝ። ነፍሱን ይማር!»

እርሻው ላይ ያሉት መለሱ፤ መንገድ ላይ የቆመው ሰው መለሰ፤ ወደ ገበያ የምትሄድ ማንነቷ የማይታወቅ ሴት እንኳ ቆማ መለሰች። «ነፍስ ይማር!» በላቸው ከማረሻው ሥር ጎንበስ አለ። ማረሻው ላይ የተጣበቀ አፈር ይጠርግ ጀመር። ማረሻው ላይ ግን ምንም አፈር አልነበረም። እናኑ አይታ ዞር አለች።

ቀና ሲል ድምፁ ሸካራ ነበር። «ከሰዓት ጎሹ ይግባ፣ ዳልቻ ይረፍ። ሁለት ቀኝ ማለት ክፉ ነገር አይደለም፤ ይፈራረቃሉ። ቡሬን ግን ልትገድሉብኝ ነው።»

«አማትህስ?» አሉ ወለተሩፋኤል።

«አማቴ ይጠብቃል። በሬውን እንደሁ አላረደው፤ ነገ ያርስበታል።»

«የኔ በሬ ግራ ነው!» የሚል ድምፅ ከመንገድ መጣ። ትርንጎ ነበረች፤ እሷም በኅዳር ባሏን የቀበረች፣ እሑድ ዕለት እግር እግራቸውን ካዩት ሰዎች አንዷ። «ነገ አመጣዋለሁ። ግራ ነው፤ ከኋላ ዞሬ አይቼዋለሁ!»

በዚያ ሳምንት በየደጁ ሴቶች ከበሬ ኋላ እየቆሙ ግራና ቀኝ ሲከራከሩ ተሰሙ። ማረሻ ለሦስት ወር ተሰቅሎ የነበረበት ቤት ማረሻውን አወረደ። የተረፈ በሬ ሁሉ ጓደኛ ተፈለገለት፤ ያልተገኘለትም የሌላው መፈራረቂያ ሆነ። አንዳንዱ ግን አልተስማማም፤ በዚያው ሳምንት ሁለት ቤት በሬ ታረደ፤ ቄስ አላምረውም ሄደው ጸለዩ፣ በሉም።

እሑድ ከዋርካው ሥር የገብስ ጠላና ዳቦ ቀረበ፤ የአተር ወጥም ነበር። የሞቱት ስም አንድ በአንድ ተጠራ፤ ጥሪው ረዘመ፤ ሰዉም ረዘመብኝ አላለም። የአዘዞ ዘመዶች በበቅሎ መጥተው ነበር። አንዱ ሽማግሌ የአተር ወጡን አየት አድርገው ወደ በላቸው ዞሩ።

«በሬ አለ ብለኸን አልነበረም?»

«አለ» አለ በላቸው።

«የታል?»

«ሲሠራ ነው የሰነበተው። ዛሬ ሰንበት ስለሆነ አርፏል። ሊያዩት ከፈለጉ እወስድዎታለሁ፤ ትልሙንም አሳይዎታለሁ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ጠርገው ከጠላው ተጎነጩ። «ጠላው ሸጋ ነው» አሉ።

ሲመሻሽ እናኑ ወደ ቤቷ ስትመለስ በላቸውን ከበረቱ ውስጥ አገኘችው። እጁ የዳልቻ ሻኛ ላይ ነው። ቆማ አየችው፤ አሁን እንዳየችው ቢያውቅም እጁን አላነሣም።

«ቅቤ አለሽ?» አላት።

«ምን ሊሆንህ?»

«ቀንበሩ ልጦታል። እዚህ፣ ከሻኛው ሥር። የዳኛው ቀንበር ጠርዙ አልተላገም፤ ነገ የእኔን አመጣለሁ።»

እናኑ ገብታ በቅል ቅቤ ይዛለት መጣች። በጣቱ እየቆረጠ ቁስሉ ላይ ሲያሽ ዳልቻ ቆዳውን እያርገፈገፈ ዝም ብሎ ቆመ።

«ነገ የማን ቀን ነው?» አለ በላቸው።

«የእትዬ ወለተሩፋኤል ባል። የምናርሰው ግን ለትርንጎ ነው።»

«እንግዲያ በጧት አውጪው» አለና የተረፈውን ቅቤ መለሰላት። «ከኋላ ሆነሽ ንጂው። ከፊት ከፊት አትሂጂበት።»